አራት ነጥብ

ጥር ነው፤ ደርቢ ላይ ሲያካፋ ውሏል፣
የሰበካው አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል።
ማሞቂያው ያንኳኳል እንጂ አያሞቅም፤
ካፖርቱን ያወለቀ አንድም ሰው የለም።
ኮንስታብል ፕሪቻርድ፣ ጢሙ ገና ያልጠና፣
ጉሮሮውን ጠርጎ ሁለቴ ሳለና
ካርታ ዘረጋልን፣ ቀይ ነጥብ የዋጠው፣
ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን የሚመስለው።

«የእናንተ መንገድ» አለን በእስክሪብቶው ነክቶ፣
«ባለፈው ወር ብቻ አራት ነጥብ አላት።»
«ከቡድናችን በለጥና!» አለ አንዱ ከኋላ፤
ሳቅ ሆነ ለአፍታ፤
ከዚያ ማሞቂያው ብቻ።

አንደኛው ነጥብ የሃርጂንደር ሱቅ ነው፦
ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ ልጅ
ሁለት ጠርሙስ ታቅፎ በበሩ በረረ፤
ሃርጂንደር ጉልበቱን ያመዋል፣ አልተከተለም፤
የቀረውን ሲቆጥር አደረ።

ሁለተኛው ብስክሌት፣
ከመብራት ምሰሶ ጋር ታስሮ የዋለ፤
ሲነጋ ሰንሰለቱና አንድ ጎማ አለ፣
አካሉ የለ።

ሦስተኛው የመኪና መስኮት ነው፣ ለሦስት ፓውንድ ሳንቲም።
አራተኛው (እዚህ ላይ ፕሪቻርድ ድምፁን ዝቅ አደረገ)
ከመጠጥ ቤቱ ደጅ፣ ለእሑድ አጥቢያ፣
አፍንጫው የተሰበረ ወጣት፤
ማን መታህ ሲሉት «ወድቄ ነው» ያለ።

እኔ ቁልፍ ሠሪ ነኝ። እውነቱን ልናገር፣
ገበያዬ የሚደራው ነጥብ ሲደረደር።
ጎረቤቴ ሲሠጋ እኔ ብረት ሸጬ አድራለሁ፤
ስለዚህ ካርታው የማያውቀውን አውቃለሁ፦
የትኛው በር ሦስት መቀርቀሪያ እንዳለው፣
የትኛው ጨርሶ እንደማይዘጋ።

ቤሪል ታኒክሊፍ፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ፣
በወሩ አጋማሽ ደወለችልኝ።
«ቁልፉን ቀይርልኝ» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረች።
ለጋዝ የምታጠራቅምበት የብስኩት ቆርቆሮ
ጠረጴዛው ላይ ባዶ አፉን ከፍቷል።
የተሰበረ ነገር የለም። መስኮቱ ደህና ነው።
የመጣው በቁልፍ ከፍቶ ነው፣ የሄደውም ቆልፎ፤
ሲገባ እግሩን ጠርጓል።
አልጠየቅኋትም። የልጅ ልጇን ካላምን አውቀዋለሁ፤
ትንሽ ሳለ የብስክሌቱን ሰንሰለት ስንቴ መልሼለታለሁ።

የውጭ ሌባ ቢሆን ብረት ያቆመዋል፤
የቤት ልጅ ሲሆንስ በምን ይቆለፋል?

አዲሱን ገጠምሁ። በማግሥቱ ደወለች፤
«አሮጌውን መልሰህ ግጠምልኝ» አለች፣
«ድንገት በብርድ ሌሊት ቢመጣስ?»
ለፖሊስም ደውላ ነበር፣ ኋላ እንደ ነገረችኝ፤
ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፤ ሦስተኛው ላይ ጣቷ ቀረ።
ሁለት ዘጠኝ ነጥብ አያስቆጥርም።

«ያልተመዘገበ ነገር ያለው አለ?» ይላል ፕሪቻርድ።
ዓይኔ ሳላዝዘው ወደ እሷ ሄደ፤
የእሷ ወደ ወለሉ።
ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንደ ድመት ይዛለች።
«መልካም፤ አራት ነው እንግዲህ» አለና ጻፈ።
አራት ነጥብ፦ ዓረፍተ ነገሩ አለቀ፣
ካርታው ተጠቀለለ፣ ወንበሩ ተደራረበ።

መንገዳችን ላይ ያለው መብራት ከመከር ጀምሮ ጠፍቷል፤
እሱም ካርታው ላይ የለም።
የእግረኛው መንገድ ጠባብ ነው፣ ያንሸራትታል፤
እኔ ከፊት፣ ቤሪል ከኋላ፣ ትከሻዬን ይዛ።
ከፎቅ መስኮት ቁልቁል ያየን ሰው ቢኖር
ሁለት ነጥብ ነን፣
እንደ ጥንቱ ጽሕፈት፣ በቃልና በቃል መካከል የቆምን፣
የሚከተለው ገና ያልተጻፈ።

በሯ ላይ ደረስን። አሮጌው ቁልፍ ዞረ።
ስንጥቁ ሲሰፋ ምንጣፉን አየሁት፦
የወንድ ልጅ ጫማ፣ እርጥብ፣
ጎን ለጎን የተቀመጠ።
«ደህና እደር» አለችኝ በፍጥነት፣
እኔም ምንም እንዳላየ ሰው፣
«ደህና እደሪ» አልኋት።
ከውስጥ ሲቆለፍ ሰማሁ፤
አንዴ።